የወፍ ፎቶ እስከምን ይከርከም?

ማለዳ በሱሉልታ ጨፌ ዳር ወፍ ፎቶ ያነሣ ሰው ቤቱ ገብቶ ምስሉን ኮምፒውተር ላይ ሲከፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚገጥመው አንድ ነገር ነው፤ ወፏ አንሳለች። ሜዳው ላይ ሲያያት ዓይኑን የሞላችው ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ፎቶው ላይ በሰፊ ሣር መሀል የወደቀች ጠጠር ትመስላለች። ያኔ «ክሮፕ» ይመጣል፤ ዳር ዳሩ ተከርክሞ ይጣልና ወፏ ትጎላለች። እስከምን ድረስ ይከርከም የሚለውን ብዙ ሰው ለስሜቱ ይተወዋል። ከውሳኔው ጀርባ ግን የሌንስ ስሌት፣ የሰው ዓይንና አእምሮ አሠራር፣ የወፏም ኑሮ አለ።

ሒሳቡ

ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ከምንቃሯ እስከ ጅራቷ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ትረዝማለች። 100 ሜትር ርቃ ቆማ በ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብናነሣት ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው ምስሏ 2.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሌንሱ ቁጥር ለርቀቱ ይካፈልና በወፏ ርዝመት ይባዛል። ካሜራው ባለ 24 ሜጋፒክስል፣ ሴንሰሩም 36 ሚሊ ሜትር ወርድና በአግድም 6,000 ፒክስል ያለው ከሆነ የዝይዋ ድርሻ 467 ፒክስል ገደማ ይሆናል። 50 ሜትር ላይ ብትቆም ኖሮ 933 ይደርስ ነበር።

መጽሔት ላይ ጥርት ብሎ እንዲወጣ አንድ ፎቶ በአንድ ኢንች 300 ያህል ፒክስል ይፈልጋል። በዚህ ልክ 467 ፒክስል የያዘችው ዝይ በጥራት የምትታተመው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆና ነው። ሙሉ ገጽ ይሙላልኝ ያለ ሰው የሚያገኘው አዲስ ዝርዝር ሳይሆን የተለጠጠ ብዥታ ነው። መከርከም የነበረውን ያጎላል እንጂ ያልነበረውን አይፈጥርም።

ጉድለቱ በፒክስል ብቻ አያበቃም። የፎቶውን ወርድና ቁመት በግማሽ ስንከረክም የሚቀረን ስፋት ሩብ ነው፤ 24 ሜጋፒክስል የነበረው 6 ይሆናል። ሴንሰሩ ከሰበሰበው ብርሃንም ሦስት አራተኛው አብሮ ይጣላል። የቀረውን በቀድሞው መጠን አጉልተን ስናየው በደመናማ ቀን ወይም ገና ሳይነጋ በተነሣ ፎቶ ላይ የሚታየው ሻካራ ነጠብጣብ ጎልቶ ይወጣል። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ትንሽ የሳተ ፎከስ፣ የአየሩም መርገብገብ እንዲሁ ይጎላሉ። በተለይ የአየሩ መርገብገብ ሜዳ ላይ አስቸጋሪ ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል መሬቱ ይሞቃል፤ ከመሬቱ የሚነሣው ሞቃት አየር ከቀዝቃዛው ጋር ሲደባለቅ ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ ያጥፈዋል። በዚህ ሰዓት ከሩቅ የተነሣች ወፍ ላባዋ የታጠበ ይመስላል፤ ያንን የትኛውም ክሮፕ አያስተካክለውም። መድኃኒቱ በማለዳ መነሣት ነው።

ዓይን የት ያርፋል?

የሰው ዓይን አጥርቶ የሚያየው በመሀል ያለችውን ሁለት ዲግሪ ያህል ጠባብ ክልል ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ደብዛዛ ነው። ስለዚህ ፎቶ ስናይ ዓይናችን በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ከቦታ ቦታ ይዘልላል። የሶቪየቱ ሳይንቲስት አልፍሬድ ያርቡስ እነዚህን ዝላዮች መዝግቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በእንግሊዝኛ በወጣው መጽሐፉ ሁለት ነገር አሳይቷል። አንደኛ፣ ተመልካች ፊትና ዓይን ላይ አብዝቶ ያርፋል። ሁለተኛ፣ አንዱን የኢልያ ሬፒን ሥዕል ለአንድ ሰው እያሳዩ የተለያየ ጥያቄ ቢጠይቁት የዓይኑ መንገድ እንደ ጥያቄው ይለዋወጣል። ሥዕሉ ላይ ስላሉት ሰዎች ዕድሜ ሲጠየቅ ፊታቸውን ይቃኛል፤ ስለ ኑሯቸው ሲጠየቅ ወደ ልብሱና ወደ ዕቃው ይዞራል። የወፍ ፎቶም በዚሁ ሕግ ይገዛል። መልሱ ያለበትን ቦታ ከርክመን ከጣልነው ተመልካቹ የሚያርፍበት ያጣል።

ወፏ በምታይበት አቅጣጫ ክፍት ቦታ ተዉ የሚለው የፎቶ አንሺዎች ምክርም መሠረት አለው። ስቲቨን ፓልመርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ወደ ፍሬሙ ውስጥ ፊቱን ያዞረ ነገር ወደ ውጭ ከሚያየው አብልጠው እንደሚወዱ አሳይተዋል። ምንቃሯ ከጠርዙ ጋር የተላተመ ወፍ ዓይን የሚጎረብጠው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 ሄለን ኢንትራውብና ማይክል ሪቻርድሰን ያገኙት ነው። ጠበብ አድርጎ የተነሣ ፎቶ ያዩ ሰዎች ቆይተው ሲያስታውሱት ከነበረው ሰፋ አድርገው ይስሉታል፤ ያላዩትን ዙሪያ አእምሯቸው ይቀጥለዋል። እንግዲህ ዝይዋን ብቻ ቆርጠን ብናሳይ ሱሉልታን የማያውቅ አንባቢ በልቡ የሚቀጥለው ምንድን ነው? ማለቂያ የሌለው ሰው ያልነካው ሜዳ ሊሆን ይችላል። ከፍሬሙ ውጭ ግን የከብት መንጋ፣ የቆርቆሮ አጥርና ገና የሚገነባ ቤት ቆሟል።

ስንከረክም ምን ይጠፋል?

ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ስትቆም የተላበሰችው ግራጫና ቡናማ ነው፤ አንገቷንም ወደ ኋላ ሰብስባ ጀርባዋ ላይ ታሳርፋለች። ስሟን ያወጣላት ሰማያዊ ቀለም ደምቆ የሚታየው ክንፏን ስትዘረጋ ነው። የቆመች ከሆነ እስከ ደረቷ ቢከረከም አንገቷ ያረፈበት ጀርባ ይጠፋል፤ ስትበር የተነሣች ከሆነ ደግሞ ለሁለቱም ክንፎች ጫፍ ቦታ መተው ግድ ነው። በዚያው ጨፌ የሚንጎራደደው ሩዥስ ሬይል የተባለው ቡናማ ወፍ ጅራቱን በየእርምጃው ሽቅብ እያወራጨ ነጩን ሥሩን ያሳያል። ፊቱ ላይ አጥብበን ብንከረክም ከሩቅ የምንለየው በምን እንደሆነ ቆርጠን ጣልን ማለት ነው።

አጥብቦ መከርከም የሚጠቅምበት ጊዜም አለ። የኮርኔል የአእዋፍ ጥናት ተቋም ያዘጋጀው መርሊን የተባለው የስልክ መተግበሪያ የወፏን ስም ከመናገሩ በፊት ወፏ ሣጥኑን እስክትሞላ አጉሉ ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለምሳሌ ሬስኔት የሚባለው ታዋቂ የምስል መለያ ሞዴል በተለመደው አሠራሩ 224 በ224 ፒክስል የሆነ ምስል ይቀበላል። የእኛን ባለ 6,000 ፒክስል ፎቶ ሳንከረክም ወደዚያ ብናሳንሰው ዝይዋ 17 ፒክስል ትሆናለች፤ ማንም አይለያትም። ጥያቄው «ይህች ወፍ ማን ናት?» ከሆነ አጥብቡ።

ጨፌው ራሱ መረጃ ነው

ጥያቄው «የት ትኖራለች? እንዴትስ ትኖራለች?» ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ነጭ ክንፍ ፍላፍቴይል የምትባለው ትንሽ የረግረግ ወፍ በዓለም ላይ እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት አንዷ ናት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሱሉልታ ተመዝግባ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በበርጋ ረግረግ እንደምትራባ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2018 በደቡብ አፍሪካ ሚድልፑንት ረግረግ ውስጥ የተተከሉ፣ ራሳቸውን ችለው የሚያነሡ ካሜራዎች እዚያም እንደምትራባ አሳዩ። የእነዚህ ካሜራዎች ምስል ለውድድር የሚቀርብ ዓይነት አይደለም። ሆኖም ሣሩ ምን ያህል እንደረዘመና ውሃው የት እንደደረሰ ከወፏ ጋር አብሮ የያዘ ምስል ለእንዲህ ያለች ወፍ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ጎጆዋን የምትሠራው ሣሩ ረዝሞ ሥሩ ውሃ ሲተኛበት ነውና።

የእኛም አካባቢ ጉዳይ ከዚህ አይርቅም። በቡራዩ በኩል ያለው ገፈርሳና በሰንዳፋ በኩል ያለው ለገዳዲ አዲስ አበባን ውሃ የሚያጠጡ፣ ወፎችንም የሚያስጠልሉ ናቸው። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ በግንባታ በፍጥነት እየተለወጡ ነው። ዝይዋ ከበስተኋላዋ ካለው አጥር ጋር የተነሣችበት ፎቶ ያልተዋበ ቢመስልም ቀንና ቦታ ከተጻፈበት ሰነድ ነው።

ታዲያ እስከምን?

መጀመሪያ ጥያቄውን ወስኑ፤ ከዚያ ፒክስሉን ቁጠሩ። ለስልክ የሚለጠፍ ከሆነ 1,000 ፒክስል ያህል ወርድ ይበቃል፤ ለሙሉ ገጽ ኅትመት በረጅሙ ጎን ከ3,500 በታች አትውረዱ። በመናገሻ ሱባ ጫካ ቅርንጫፍ ላይ ያረፈች ወፍ ዙሪያዋ የተምታታ ቅጠል ከሆነ ጠበቅ ብታደርጉ የምታጡት ጥቂት ነው። ሜዳና ረግረግ ላይ ግን ለቀቅ አድርጉ፤ እግሯ የቆመበትን መሬትና የምታይበትን አቅጣጫ ተዉላት። በጥርጣሬ ጊዜ ከመቅረብ መከርከም ይሻላል፤ ጎጆ ያላትን ወፍ ለመቅረብ ሲባል ማስነሣት እንቁላሏን ለብርድና ለቁራ ማጋለጥ ነው።

ከሁሉ በላይ ዋናውን ፎቶ አታጥፉ። የተከረከመውን በሌላ ስም አስቀምጡ፤ በሰፊው ላይ ቀኑንና የቦታውን ስም ጻፉበት። የተከረከመችው ዝይ የትም ልትነሣ ትችላለች፤ ሱሉልታ በዚያ ዓመት ምን እንደነበረ የሚመሰክረው ሰፊው ፎቶ ብቻ ነው።