ዳዋ የዋጠውን ጓሮ ስለ ማልማት



የክረምቱ ዝናብ ወርዶ ሲያበቃ በከተማችን በአዲስ አበባ ከብዙ ቤት ጀርባ ሰው የማይገባበት አንድ ቦታ ይገኛል። ሙጃው ወገብ ይደርሳል፤ ሳማው አጥሩን ተጠግቶ ይቆማል፤ ከሥራቸውም ሰርዶው ምድሩን እንደ ምንጣፍ ሸፍኖ ይተኛል። ባለቤቱ ግን ጎመኑንና ቆስጣውን ከገበያ በገንዘቡ ገዝቶ፥ በዚሁ ጓሮ አጠገብ አልፎ ወደ ማድ ቤት ያስገባል። ደመወዙ ከወር እስከ ወር አላደርስ ብሎ የሚያስጨንቀው ሰው፥ የገዛ መሬቱን ዳዋ ሲበላው እያየ ማለፉ የሚያስገርም ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩ ከስንፍና ብቻ የመጣ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ስለ ጓሮ ልማት ብዙ ተነግሯል። ብዙዎችም ጀምረውት ነበር፤ ነገር ግን ጀምረው ተውት። ስለዚህ ዛሬ የምንመለከተው፥ ለምን እንደ ተውትና እንዴት ቢጀምሩት ኖሮ ይጸናላቸው እንደ ነበረ ነው።

እኔም ከነዚህ ሰዎች አንዱ ነበርሁ። በነሐሴ ወር በአንድ ቅዳሜ የቀን ሠራተኛ ቀጥሬ ጓሮውን በሙሉ በዶማ አስገለበጥሁት። ማታ ሲታይ እንደ ታረሰ ማሳ አምሮ ነበር። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ግን መሬቱ እንደ ገና ለመለመ፤ የለመለመውም ሰርዶ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰርዶ በዘሩ ብቻ ሳይሆን፥ ከመሬት በላይና ከመሬት በታች በሚዘረጋው ግንዱም ይራባል። ግንዱ እንደ ሸንኮራ አገዳ አንጓ አንጓ አለው፤ ከአንጓውም ሥርና ቅጠል ያወጣል። እንግዲህ ዶማው አንዱን ሰርዶ ዐሥር ቦታ ቢከትፈው፥ ዝናቡ ዐሥሩን አጸደቃቸው። «እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል» አለች የተባለችው አህያ ሰርዶን ጨርሳ አላወቀችውም ያሰኛል።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው፤ ጊዜን መምረጥና መጠንን ማወቅ።

ስለ ጊዜው፦ በክረምት የሚሠራው ማጨድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ዳዋው ዘሩን ከመጣሉ በፊት ነው። ቁፋሮው ግን ዝናቡ ካቆመ በኋላ፥ በጥቅምትና በኅዳር ሊሆን ይገባል። በከተማችን በብዙ ሠፈር የሚገኘው ኮትቻ የሚባለው ጥቁር አፈር በክረምት እንደ ሊጥ ይጣበቃል፤ በጋው ሲገፋ ደግሞ እንደ ድንጋይ ደርቆ ይሰነጠቃል። ለቆፋሪው የሚመቸው በሁለቱ መካከል ያለው አጭር ጊዜ ነው። ከአፈሩ አንድ እፍኝ ጨብጡ፤ በእጃችሁ ላይ ከተጣበቀ ቆዩ፤ ከተፈረፈረ ቆፍሩ። ሰርዶውን ከመከተፍ ይልቅ አፈሩን አላልቶ፥ ግንዱን በእጅ እየተከተሉ ከነሥሩ መምዘዝ ይሻላል። የተመዘዘውም በበጋው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይድረቅ እንጂ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ አይግባ።

ስለ መጠኑ፦ በመጀመሪያው ዓመት አንድ መደብ ይበቃል። ወርዱ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር፥ ርዝመቱ 4 ሜትር ይሁን። ወርዱ ከዚህ እንዳይበልጥ የሚመከርበት ምክንያት፥ እጅ ከሁለቱም ወገን መሐሉን እንዲደርስና መደቡ በእግር እንዳይረገጥ ነው። የክረምት ውኃ ሥሩ ላይ እንዳይተኛም መደቡን 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። የቀረውን ጓሮ እያጨዱ ማቆየት፥ ወይም ለሚቀጥለው ዓመት የታሰበውን ክፍል በአሮጌ ካርቶን ደርቦ መሸፈን ነው፤ ሰርዶ ፀሐይ ወዳድ ስለ ሆነ ብርሃን ሲያጣ እየደከመ ይሄዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ሥራ እጅግ ይስማማል።

መደቡ ከባሕር ዛፍ ይራቅ። ይህ ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ገብቶ ከተማይቱን ከማገዶ ችግር ያወጣ ባለውለታ ነው፤ ነገር ግን ሥሩ የአካባቢውን ውኃ ስለሚስብ ጎመን በአጠገቡ አይደላውም።

አፈሩን የሚያለሰልሰው ብስባሽ ነው። ዘር ያላፈራውን እጨዳ፥ የደረቀ ቅጠል፥ የድንችና የካሮት ልጣጭ፥ ከተገኘም የከብት ፍግ በየተራ እየደረቡ ጥቂት አፈር ጣል ማድረግና ርጥበቱን መጠበቅ ነው። ሥጋና ዘይት ያለበት ትራፊ አይጥ ስለሚጠራ አይጨመርም። ክምሩ በየወሩ ቢገላበጥ ከጥቂት ወራት በኋላ ጠቁሮ፥ መልካም የአፈር ሽታ ይሸታል።

ለጀማሪ የሚመቹት የሐበሻ ጎመንና ቆስጣ ናቸው። ሁለቱም የአዲስ አበባን ብርድ ይችላሉ፤ የታችኛው ቅጠላቸው ሲቀነጠስ ከላይ እንደ ገና ያወጣሉ። ቆስጣ ከተዘራ ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ለድስት ይደርሳል። በመደቡ ዳር ጤና አዳምና በሶብላ ቢተከሉ ለወጡም ለቡናውም ይሆናሉ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር አትክልት የታጠበበትን፥ ሳሙና ያልነካውን ውኃ ማጠራቀም ብልኅነት ነው። የፋብሪካና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ የተቀላቀለበትን የወንዝ ውኃ ግን ፈጽሞ አታጠጡ፤ ጎመኑ ቢለመልምም የቤተ ሰብን ጤና ይጎዳል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ትጋት ነው፤ ትጋቱም በቀን ሩብ ሰዓት ነው። አረም በሁለት ቅጠሉ ሲነቀል የጣት ሥራ ነው፤ ወገብ ሲደርስ ግን የዶማ ሥራ ይሆናል። ከቢሮ ስንመለስ ልጆቻችንን አስከትለን መደቡን ብንዞረው፥ ለእነርሱ ትምህርት፥ ለእኛም ወንበር ላይ ለዋለው ወገባችን ማፍታቻ ይሆናል።

እኔም ከዚያ ውድቀት በኋላ በአንድ መደብ እንደ ገና ጀመርሁ፤ አሁን ሦስት ሆነዋል። ጓሮው ገና በሙሉ አልለማም፤ ሰርዶውም በአጥሩ ሥር ይጠብቀኛል። ነገር ግን የቤታችን ጎመን ከገበያ መገዛቱን ካቆመ ሰነባብቷል። እናንተም በሚመጣው ጥቅምት ዶማችሁን ስታነሡ፥ ጓሮውን ሁሉ ሳይሆን አራት ሜትሩን ብቻ ተመልከቱ።