ማን ጫማ ያደርጋል? የክብር ደረጃ በአዝቴኮች ከተማ

ስለ አዝቴኮች ሲነሳ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የቤተ መቅደሶቻቸው ግዝፈትና የሰው መሥዋዕት ነው። በዚያ ከተማ ማን ከማን በላይ ይቆጠር እንደነበር፣ ደረጃውስ በምን ይገኝ እንደነበር ግን ብዙም አንጠይቅም። በዚህ እትም ዋና ከተማቸውን ቴኖችቲትላንን እንመለከታለን። ከተማዋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1325 ገደማ በሐይቅ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ ተቆረቆረች፤ ዛሬ በቦታዋ ሜክሲኮ ሲቲ ትገኛለች።

ከሁሉም በላይ ንጉሡ ነበር። ማዕረጉ «ትላቶአኒ» ሲሆን ትርጉሙ «ተናጋሪ» ማለት ነው። ቀጥለው «ፒፒልቲን» የሚባሉት መኳንንት ይመጣሉ፤ ከፍተኛ ሹመትና ሰፊ መሬት በእጃቸው ነበር። አብዛኛው ሕዝብ «ማሴዋልቲን» ይባላል፦ ገበሬ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ የእጅ ባለሙያ። እነዚህ «ካልፑሊ» በሚባሉ ሰፈሮች ተደራጅተው ግብር ይከፍላሉ፣ በጦርነት ይዘምታሉ፣ በየተራም ለመንግሥት ሥራ ይወጣሉ። ከቻፑልቴፔክ ምንጭ ንጹሕ ውሃ ወደ ከተማዋ ያመጣው መስመር ሁለት ቦዮች ነበሩት፤ አንዱ ሲጠረግ ውሃው በሌላኛው ይፈስ ነበር። እኛ የምህንድስና ተማሪዎች ንድፉን እናደንቃለን፤ ድንጋዩን የተሸከመው ግን ማሴዋልቲኑ ነው። ከእነርሱ ዝቅ ብለው የመኳንንትን መሬት የሚያርሱ ጭሰኞች ነበሩ።

ባሪያዎችም ነበሩ፤ ሆኖም ባርነቱ ከወላጅ ወደ ልጅ አይተላለፍም። ሰው በዕዳ፣ በወንጀል ወይም በችግር ባሪያ ሊሆን፣ ንብረት ሊያፈራ፣ ራሱንም ሊዋጅ ይችል ነበር። በ1450ዎቹ በደረሰው ታላቅ ረሃብ ብዙዎች ራሳቸውንና ልጆቻቸውን ለእህል ሸጠዋል።

ደረጃ በልብስም ይታወቅ ነበር። በቀዳማዊ ሞክቴዙማ ዘመን ወጣ የሚባለው ሕግ ተራው ሰው የጥጥ ልብስ እንዳይለብስ፣ በቤተ መንግሥትም ጫማ እንዳያደርግ ይከለክላል። ለእርሱ የተፈቀደው የቃጫ ዘመድ ከሆነ ተክል የተሠራ ሻካራ ልብስ ነበር።

ታዲያ ከፍ ማለት አይቻልም ነበር? በጦር ሜዳ ምርኮኛ የሚይዝ ተራ ወታደር ማዕረግና ልብስ ይሸለም ነበር። «ፖችቴካ» የሚባሉት የሩቅ አገር ነጋዴዎችም እጅግ ይበለጽጉ ነበር፤ ነገር ግን የመኳንንቱን ቅናት ስለሚፈሩ ሸቀጣቸውን በሌሊት ያስገቡ፣ ተራ ልብስም ይለብሱ ነበር። ሀብት ነበራቸው፤ በአደባባይ የማሳየት መብት ግን አልነበራቸውም። በ1502 የነገሠው ዳግማዊ ሞክቴዙማ ደግሞ ከተራ ወገን የተወለዱትን ከቤተ መንግሥት አገልግሎት አስወጥቶ በመኳንንት ልጆች ተካቸው። ጠባቡ በር ይበልጥ ጠበበ።

ለእኛ ለተማሪዎች ትልቁ ቁም ነገር ትምህርት ቤታቸው ነው። በዚያ ዘመን የተራው ሰው ልጅ ጭምር መማሩ የሚያስደንቅ ነው። ይሁንና አብዛኛው ወጣት በየሰፈሩ ባለው «ቴልፖችካሊ» ውጊያና የጉልበት ሥራ ይማራል። የዘመን አቆጣጠር፣ የሥዕል ጽሑፍና የአስተዳደር ጥበብ የሚሰጠው በ«ካልሜካክ» ሲሆን፣ እርሱም በአብዛኛው ለመኳንንት ልጆች ነበር። ከተራው ሕዝብ የሚገቡት ጥቂቶች ናቸው።

ስለዚህ «ሁሉም ይማራል» የሚለው ብቻውን አይበቃም። ማን ምን ይማራል? ከተማረስ በኋላ የትኛው በር ይከፈትለታል? ቴኖችቲትላን በ1521 በስፔኖችና በአገሬው አጋሮቻቸው እጅ ወደቀች፤ እነዚህ ጥያቄዎች ግን ስለ የትኛውም ከተማ ሊጠየቁ የሚገባቸው ናቸው።