ሥርዓተ ክወናን ከአንድ የዲስክ ክፋይ ወደ ሌላው ስለ መጫን



ሲዲ ማንበቢያ የሌለው፣ በዩኤስቢም ሊነሣ የማይችል አንድ ኮምፒዩተር በፊታችን አለ እንበል። የተጫነበት ሥርዓተ ክወና አርጅቷል፤ በዚያው ዲስክ ላይ ግን የአንድ ተማሪ የሁለት ዓመት የጥናት መረጃ ተቀምጧል። አዲሱን ሥርዓት ከየት አምጥተን፣ መረጃውን ሳንነካ እንጭነዋለን? መልሱ ከዲስኩ ከራሱ ሊገኝ ይችላል፤ የዛሬው ንግግሬም ይህንኑ ይመለከታል።

የችግሩ ሥር ቀላል ነው። የመጫኛው ፕሮግራም ራሱ የሆነ ቦታ ላይ መቀመጥ አለበት፤ የተቀመጠበትንም ቦታ እየደመሰሰ ከዚያው ማንበብ አይችልም። ስለዚህ አንዱ ክፋይ ምንጭ፣ ሌላው መድረሻ መሆን ይኖርበታል። አሠራሩ እንግዳ አይደለም። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን የመጫኛውን ፎልደር በዲ ድራይቭ ላይ ገልብጦ ከዚያ ማስነሣት የተለመደ ነበር። ዛሬም ብዙ ላፕቶፖች ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡት የመልሶ ማቋቋሚያ ክፋይ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ክፋይ ስንል ግን በዲስኩ ውስጥ ግንብ የቆመ አይምሰለን። በቀድሞው የኤምቢአር አሠራር የዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር 512 ባይት ሲሆን፣ 446ቱ ለማስነሻ ኮድ፣ 64ቱ ለክፋዮች ሠንጠረዥ፣ 2ቱ ደግሞ ለማረጋገጫ ምልክት ተመድበዋል። እያንዳንዱ ክፋይ በሠንጠረዡ 16 ባይት ስለሚይዝ ዋና ክፋዮች ከአራት ሊበልጡ አይችሉም። በጂፒቲ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ 128 ነው፤ የሠንጠረዡም ቅጂ በዲስኩ መጨረሻ ይቀመጣል። በሁለቱም ዘንድ ክፋይ ማለት መነሻውና መድረሻው የተመዘገበ ወሰን ብቻ ነው። በትእዛዝ ላይ አንዲት የክፋይ ቁጥር ብትሳሳት ወሰኑ የሚያስቆመው ነገር የለም፤ የሁለቱ ዓመት ሥራ በደቂቃ ይጠፋል። መረጃው አስቀድሞ በኔትወርክ ወደ ሌላ ማሽን መገልበጥ አለበት የምለውም ለዚህ ነው።

ወደ ሥራው ስንገባ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው የአይኤስኦውን ፋይል በአንዱ ክፋይ ላይ አስቀምጦ፣ ግሩብ የተባለው ማስነሻ ፋይሉን እንደ ሲዲ ቆጥሮ እንዲከፍተው ማድረግ ነው። ፈጣን ነው፤ ሆኖም ፋይሉ ያለበት ክፋይ ሥራው እስኪያልቅ እንደ ተያዘ ስለሚቆይ፣ መጫኛው የክፋዮችን ሠንጠረዥ ልለውጥ ሲል እንቅፋት ይገጥመዋል። ኡቡንቱ ይዘቱን ሁሉ ወደ ራም የሚገለብጥበት አማራጭ አለው፤ በቂ ራም ላለው ማሽን ይህ ይበጃል።

ሁለተኛውን እኔ እመርጣለሁ። በሚሠራው ሊኑክስ ውስጥ እንዳለን ባዶውን ክፋይ ፎርማት አድርገን እናያይዘዋለን፤ ከዚያም ዲቡትስትራፕ የተባለው መሣሪያ የዴብያንን መሠረታዊ ፓኬጆች እዚያው ያሰፍራል። ቀጥሎ በ1979 በወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ውስጥ በነበረው የቼንጅ ሩት ጥሪ ወደ አዲሱ ሥርዓት «እንገባለን»፤ ከርነሉን፣ የይለፍ ቃሉንና ማስነሻውን ከውስጥ ሆነን እናዘጋጃለን። ይህ ሁሉ ሲሆን አሮጌው ሥርዓት ሥራውን አላቆመም። መብራት ቢጠፋ ወይም ኢንተርኔት ቢቋረጥ ባዶውን ክፋይ እንደገና ከመጀመር በቀር የሚጎዳን የለም። ፓኬጆቹንም ከኢንተርኔት ብቻ ሳይሆን በዲስኩ ላይ ካለ የዲቪዲ ቅጂ ማንበብ ይቻላል።

ሰዎች በብዛት የሚሰናከሉት ከዚህ በኋላ ነው። የተለመዱት የሊኑክስ የፋይል ሥርዓቶች ዩዩአይዲ የሚባል የ128 ቢት መለያ አላቸው፤ ሊኑክስም ሲነሣ ሥሩን የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። አንድ ክፋይ ቢት በቢት ወደ ሌላው ቢገለበጥ መለያውም አብሮ ይገለበጣል፤ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ክፋዮች ይፈጠራሉ፤ የትኛው እንደሚነሣም እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ኤክስኤፍኤስ ይህን ሲያይ ሁለተኛውን አላያይዝም ይላል፤ ዝም የሚሉም አሉ፤ ዝምታቸው ይብሳል። ፋይል በፋይል ከተገለበጠ መለያው አዲስ ይሆናል፤ ነገር ግን የተገለበጠው የኤፍኤስታብ ፋይል የአሮጌውን መለያ እንደ ያዘ ነው፤ በእጅ መታረም አለበት። ማሽኑ ከተነሣ በኋላም በፋይንድማውንት ትእዛዝ ሥሩ የትኛው ክፋይ ላይ እንዳለ ማየት ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ሥርዓቶች መንትያ ስለሚሆኑ በዓይን አይለዩም።

ዩኢኤፍአይ ባላቸው ማሽኖች ማስነሻዎቹ ሁሉ በአንዲት ትንሽ የጋራ ክፋይ ውስጥ፣ በየራሳቸው ፎልደር ይኖራሉ። እርስዋን ፎርማት ማድረግ የሁሉንም ማስነሻ ማጥፋት ነው። ባዮስ ብቻ ባላቸው ማሽኖች ደግሞ የግሩብ ፋይሎች በአሮጌው ክፋይ ላይ ቀርተው ሊሆን ይችላል፤ ያ ክፋይ በተደመሰሰ ማግስት ኮምፒዩተሩ ሥርዓት ሳያስነሣ በግሩብ የነፍስ አድን መስመር ላይ ይቆማል። አሮጌው ከመጥፋቱ በፊት ግሩብ ከአዲሱ ሥርዓት ውስጥ ዳግመኛ መጫን ይኖርበታል።

የተለቀቀውን ቦታ ወደ አዲሱ ክፋይ መቀላቀልም የሚከብደው ወይም የሚቀልለው ከመነሻው ባደረግነው አቀማመጥ ነው። ክፋይን ወደ ቀኝ ማስፋት ቀላል ነው፤ ወደ ግራ ማስፋት ግን መረጃውን በሙሉ ማንቀሳቀስ ይጠይቃል፤ በዚያ መካከል መብራት ቢጠፋ ጉዳቱ ከባድ ነው። ስለዚህ ከተቻለ መድረሻው ወደ ዲስኩ መጀመሪያ፣ ምንጩ ወደ መጨረሻው ይሁን።