ቀስ ብሎ የሚያነጥብ ሸክላ

የሸክላ ውሃ ማጣሪያ አፈ ሰፊ ማሰሮ ነው። በባልዲ አፍ ላይ ይሰካል፤ ድፍርሱ ውሃ ከላይ ይሞላበታል፤ በገላው ሰርጎ የወረደው ባልዲው ውስጥ ይጠራቀምና በቧንቧ ይቀዳል። ዛሬ በስፋት የሚሠራበትን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1981 በጓቲማላ ያዘጋጀው ፈርናንዶ ማዛሪየጎስ ነው። በ1998 ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ መካከለኛው አሜሪካን ከመታ በኋላ በኒካራጓ በብዛት ተመረተ፤ ከዚያም ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ።

የሸክላ አፈሩ ደርቆ ይወቀጣል፣ ይነፋል። ሰጋቱራ ወይም የሩዝ ገለባም በወንፊት ይነፋና ከአፈሩ ጋር በደረቁ ይደባለቃል፤ በውሃ ይቦካል፣ በቅርጽ ማውጫ ተጨምቆ ይወጣል፣ ደርቆ በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይተኮሳል። ሰጋቱራው ተቃጥሎ ሲያልቅ የነበረበት ቦታ ባዶ ይቀራል። ብዙ ሰው ጀርም የሚይዘው ይህ ባዶ ቦታ ይመስለዋል። ባዶው ቦታ የውሃውን መንገድ ያሳጥራል እንጂ ዋናው ወንፊት በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው እጅግ የጠበበ ቀዳዳ ነው። ማሰሮው የሚቀባው ብርም ጀርም ይገድላል፣ ግድግዳው ላይ እንዳይራባም ያግዛል፤ የማጥለሉን ሥራ ግን አይተካም።

ጥሩ ሠሪ እያንዳንዱን ማሰሮ ውሃ አጥግቦ ይሞላዋል፤ በአንድ ሰዓት ስንት እንደወረደም ይለካል። የተለመደው ልክ ከ1 እስከ 3 ሊትር ነው። ከዚያ የፈጠነው ይሰበራል፤ ምክንያቱም ፍጥነቱ የስንጥቅ ወይም የሰጋቱራ መብዛት ምልክት ነው። ተጠቃሚው ግን የሚያማርረው በዝግተኛው ነው፤ ድንገት ሲፈጥንለት ደስ ይለዋል። መጠርጠር የነበረበት ያኔ ነው። ከጊዜ በኋላ መዘግየቱ ደለል ስለያዘ ነው፤ ውስጡን በንጹሕ ብሩሽና በንጹሕ ውሃ መፈተግ ይበቃዋል። ሳሙና ቀዳዳው ውስጥ ይቀራልና አይነካውም። የታችኛውን ገጽ በቆሸሸ እጅ መያዝም የተጣራውን ውሃ መልሶ መበከል ነው።

ሸክላው ባክቴሪያን በደንብ ይይዛል፤ እጅግ ያነሱትን ቫይረሶች ግን በአስተማማኝ ሁኔታ አያስቀርም። የሟሟ ነገርም ያልፈዋል፤ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች የሚገኘው ፍሎራይድ ከዚህ ወገን ነው፤ ለእሱ የከሰለ የከብት አጥንት ይሻላል። ሽታም አብዛኛውን ጊዜ ከሟሟ ነገር ስለሚመጣ የሚያስቀረው አክቲቬትድ ካርቦን የተባለው ልዩ ከሰል ነው። ካርቦኑ ከሸክላው በኋላ ይቀመጣል፤ ቀድሞ ከሆነ ደለል ይደፍነዋል። ሸክላ ተፈትጎ ይታደሳል፤ የጠገበ ካርቦን ግን በብሩሽ አይመለስም፣ ይለወጣል።