የፎገራ ክረምት ጎማ

ሐሙሲት ከዋናው አስፋልት ዳር አንድ ጎሚስታ ቤት አለ። ደጁ ላይ ለሁለት የተቆረጠ በርሜል ውኃ ሞልቶ ተቀምጧል። ልጁ የባጃጅ ከመነዳሪ ነፍቶ ትንሽ በትንሽ ውኃው ውስጥ ያዞራል፤ አረፋ የወጣበትን ቦታ በእስክሪብቶ ይከብብና በሞረድ ይፍቀዋል። ወሩ ሐምሌ ነው። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጉና አናት ላይ ጠቁሯል።

የእኔ ተራ ሲደርስ ንፋስ ብቻ እንዲሞላልኝ ነበር የጠየቅሁት። እሱ ግን ከኪሱ ክብሪት አወጣና አንዷን እንጨት በጎማው ቦይ ውስጥ አቆማት። የደረሰችበትን በጥፍሩ ይዞ ማስመሪያ ላይ አስተኛት። ሦስት ሚሊ ሜትር።

«ጋሼ፣ በጋ ቢሆን ዓመት ያስኬድዎታል» አለኝ። «አሁን ግን ጉማራ ድልድይ ሳይደርሱ ይዋኛሉ።»

መኪናዬ ቪትዝ ናት፤ አር ኤስ የሚሏት ባለ 1.5 ሊትር ሞተሯ። ትንሽ ናት፣ ግን እግር ሲያሳርፉባት ትሮጣለች። የቀድሞው ባለቤቷ የሚያብረቀርቅ ባለ 16 ኢንች የአሉሚኒየም ቸርኬ ላይ 195/50 ጎማ አድርጎባት ነበር የገዛኋት። ለባሕር ዳር የሐይቅ ዳር ጎዳና ግሩም ናት። ከሐሙሲት ወደ ወረታ፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በክረምት መመላለስ ግን ሌላ ጨዋታ ነው።

በነገራችን ላይ «ክረምት» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። ስቶክሆልም ወይም ሚኒሶታ ያለ ዘመድ በኅዳር ደውሎ «የክረምት ጎማ ላስቀይር ወረፋ ይዣለሁ» ሲል የሚያወራው ስለ በረዶ ነው። ስዊድን ውስጥ መንገዱ በረዶ ወይም ውርጭ ከያዘ ከኅዳር 22 እስከ መጋቢት 22 የክረምት ጎማ ማሰር ግዴታ ነው፤ በካናዳዋ ኩቤክ ደግሞ እስከ መጋቢት 6። ይህን ጎማ ለዓለም ያስተዋወቁት ፊንላንዶች ናቸው፤ በፈረንጆች 1934 ለጭነት መኪና፣ በ1936 ደግሞ ለቤት መኪና ሠሩ። ምስጢሩ ያለው ጎማው በተሠራበት ቁስ ላይ ነው። ተራ ጎማ ቅዝቃዜው ከ7 ዲግሪ በታች ሲወርድ እየደረቀ ይሄዳል፤ የክረምቱ ጎማ ግን ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል፣ ጥርሱም ላይ በምላጭ የተበጣ የሚመስል ሺህ ቀጭን ስንጥቅ አለው።

ወረታ በሐምሌ ቀን የሙቀት መጠኑ ከ20 ዲግሪ በላይ ነው። በዚያ ሙቀት የበረዶ ጎማ እንደ ማስቲካ ይለሰልሳል፤ ፍሬን ሲያዝ ጥርሱ ይተጣጠፋል፣ ቶሎም ያልቃል። ይህን የምጽፈው ለወሬ አይደለም። ከጃፓን የሚመጡ ያገለገሉ መኪኖች የበረዶ ጎማ እንደታሰረባቸው ሊደርሱ ይችላሉ፤ ጎኑ ላይ «ስተድለስ» የሚል ጽሑፍ፣ ወይም ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት ምልክት ካዩ እሱ ነው። ሻጩ «የክረምት ጎማ ነው፣ ለእኛ ክረምት የሚሆን» ቢልዎት ሰውየው አልዋሸም፤ የሌላ አገር ክረምት ነው እንጂ። «ኤም» እና «ኤስ» በመደመር ምልክት የተጻፈበት ደግሞ ሌላ ነው። ለጭቃና ለበረዶ ማለት ነው፤ ነገር ግን ያን ጽሑፍ አምራቹ ያለ ፈተና በራሱ የሚያትመው ስለሆነ ብዙ አይመኩበት።

የእኛ ክረምት ሁለት ነገር ነው፤ ውኃና ዋልካ። ፎገራ ጣና ዳር የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ ከደቡብ ጉማራ፣ ከሰሜን ርብ ይሞሉበታል። በ1998 ክረምት ማብቂያ ላይ ሜዳው እንዴት ሐይቅ እንደሆነ የአካባቢው ሰው አይረሳም። ሩዝ የሚወደው ይህንኑ ውኃ የሚይዝ ጥቁር አፈር ነው። ከማሳ የሚወጣ ትራክተርና ባጃጅ ግን ያን አፈር በጎማው ይዞ አስፋልት ላይ ያራግፈዋል። ዶፍ ሲወርድበት ታጥቦ ይሄዳል፤ አደገኛው ካፊያው ነው። ጭቃው ሳይታጠብ ይርስና እንደ ሳሙና ይሆናል። መንገደኛው «አስፋልት ነው» ብሎ ይነዳል፣ ጎማው የሚያውቀው ግን ዋልካ ነው።

ውኃው ደግሞ የራሱ ስሌት አለው። ጎማ በቆመ ውኃ ላይ ሲሽከረከር ውኃውን በቦዮቹ እየገፋ ከመንገዱ ጋር መገናኘት አለበት። ፍጥነቱ ሲበዛ ውኃው ለመሸሽ ጊዜ ያጣና ጎማውን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ያኔ መሪው ድንገት ይቀልላል፣ ፍሬንም አይሠራም። ልጁ «ይዋኛሉ» ያለው ይህን ነው። በፈረንጆች 1960ዎቹ የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ተመራማሪዎች በአውሮፕላን ጎማ ላይ ሞክረው አንድ ቀላል ሒሳብ አወጡ፤ የሚንሳፈፍበት ፍጥነት ከጎማው የንፋስ ልክ ጋር ይሄዳል። በዚያ ሒሳብ 30 ፒ ኤስ አይ የተሞላ ጎማ፣ ጥርሱ አልቆ ውኃው ከተኛበት፣ 90 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ላይ መንሳፈፍ ይጀምራል። 20 ብቻ ከሆነ 75 ገደማ ላይ። «ለጭቃ ንፋስ ቀንስ» የሚለው የሾፌሮች ምክር ለማሳው መንገድ ልክ ነው፤ ያንኑ ጎማ ሳያስነፉ አስፋልት ላይ መውጣት ግን ውኃውን መጥራት ነው።

ሰፊ ጎማ የተሻለ የሚይዝ የሚመስለን በደረቅ መንገድ ስለምናስብ ነው። በውኃ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰፊው ብዙ ውኃ መግፋት አለበት፣ ጠባቡ ግን ሰንጥቆ ያልፋል። የገረመኝ የስቶክሆልሙም ሰው ለበረዶው የሚያደርገው ይህንኑ መሆኑ ነው፤ ለክረምት ቸርኬውን አንድ ኢንች አሳንሶ ጎማውን ያጠብበዋል። ሁለቱ ክረምቶች በምንም ባይገናኙ በዚህ ይገናኛሉ። ባጃጁማ ከጥንቱ ያውቀዋል፤ 4.00-8 ነው ጎማው፣ ቀጭን።

እኔ ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ባለፈው ዓመት በነሐሴ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ስወጣ፣ ቻይናውያን በደርግ ዘመን እስከ ወልድያ በሠሩት በዚያ መንገድ፣ ዓለም በር ሳልደርስ ውኃ የሞላው ጉድጓድ ገጠመኝ። ውኃ ሲሞላው ጉድጓድና ኩሬ አይለዩም። የቀኝ የፊት ጎማዬ ገባ፤ የሰማሁት የጎማ ድምፅ ሳይሆን የብረት ነበር። 195/50 ማለት የጎማው ጎን ከፍታ የስፋቱ 50 በመቶ ነው፤ 97 ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ። ቸርኬውን ከድንጋይ የሚያድነው ያ ነበር፣ አልበቃም። ከንፈሩ ተጣሞ ንፋሱ በአንድ ጊዜ ወጣ። «ኦሪጅናል ነው» የተባለለት ቸርኬ ሲቃና ተሰነጠቀ።

እንግዲህ ምርጫው እዚህ ላይ ይጀምራል፤ ማስመሪያ ቢይዙ አይከፋም። የእኔ አሮጌ ጎማ ሙሉ ቁመቱ ስንት ነው? 97.5 በሁለት 195፣ ሲደመር 16 ኢንች በ25.4፣ ጠቅላላ 601 ሚሊ ሜትር። አዲሱ ከዚህ ብዙ መራቅ የለበትም፤ ከ3 በመቶ በላይ ከራቀ የፍጥነት ቆጣሪው መዋሸት ይጀምራል፣ ጎማውም መከላከያውን ሊነካ ይችላል። 175/65R15 ሲሰላ 608 ተኩል ይመጣል፤ ልዩነቱ 1.2 በመቶ። ቆጣሪው 80 ሲል እውነቱ 81 ነው፤ ይህን ትራፊክ ፖሊስም ይቅር ይላል። በትርፉ ግን 20 ሚሊ ሜትር ጠበበ፣ ጎኑም ወደ 114 ሚሊ ሜትር ከፍ አለ። ለጉድጓድ ተጨማሪ 16 ሚሊ ሜትር ትራስ አገኘሁ ማለት ነው።

ከልኩ ቀጥሎ ያለችውን ቁጥርና ፊደል ብዙ ሰው አያያትም። 84T ከሆነ፣ 84 አንዱ ጎማ 500 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ ቲ ደግሞ እስከ 190 ኪሎ ሜትር በሰዓት። የአሮጌው ጎማም የጭነት ቁጥር 84 ስለነበር አልቀነስኩም። ፍጥነቱ ግድ አይሰጠኝም፤ በዚያ መንገድ 190 የሚነዳ ካለ ጎማ አይደለም የሚያስፈልገው። ጭነቱ ግን ግድ ይሰጣል፤ አምስት ሰው ከነጤፉና ከነሩዙ ጭነን ነው ከገበያ የምንመለሰው።

ቸርኬው ላይ ነው ጣጣው። የቪትዝ ቸርኬ አራት ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳዎቹ የሚዞሩበት ክብ ስፋቱ 100 ሚሊ ሜትር ነው። የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ሄደው «ባለ አራት ቀዳዳ» ካሉ 4 በ114.3 የሆነውንም ያወጡልዎታል፤ በዓይን አይለይም፣ ሲያስሩት ግን አይገባም። መሐሉ ያለው ትልቁ ቀዳዳ ደግሞ ለቪትዝ 54.1 ሚሊ ሜትር ነው። ለሁሉም መኪና ተብሎ የተሠራ ቸርኬ ከዚያ የሰፋ ነው። ሞዞው ላይ ልክክ ካላለ ሸክሙ በዳዶዎቹ ላይ ይወድቅና 90 ላይ መሪው እንደ ወፍጮ ይንቀጠቀጣል። ባላንስ አስደርገው አስደርገው የማይለቃቸው ሰዎች አሉ፤ ጥፋቱ የአንዲት ቀለበት ነው። ክፍተቱን የምትሞላዋን ቀለበት በልኩ አስገብቶ መገላገል ይቻላል።

የቸርኬው ጥልቀት፣ «ኢቲ» ተብሎ ከውስጥ የሚታተመው፣ ጎማው ምን ያህል ወደ ውጭ እንደሚወጣ ይወስናል። ለዚህች መኪና ከ40 ብዙ ያልራቀ ይሻላል። ቁጥሩ በጣም ካነሰ ጎማው ወደ ውጭ ይፈነጥቃል፤ ከላይ ሲያዩት ያምራል፣ ኋላ ሦስት ሰው ሲቀመጥ ግን መከላከያው ጎማውን ይላጨዋል። ቸርኬ ማሳነስም ወሰን አለው። አር ኤስን የመሰለ ፈጠን ያለ መኪና ፍሬኑ ትልቅ ሊሆን ስለሚችል፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በክሪክ አንሥተው ቸርኬውን ብቻ አስረው በእጅ ያሽከርክሩት። ካሊፐሩን ከነካ ይመልሱት። ዳዶውም ሾጣጣ ወይም ጠፍጣፋ ማረፊያ ያለው ስለሆነ ከቸርኬው ጋር መግጠም አለበት፤ ክሩ ባለ 12 ነው፣ ማጥበቂያው ልክ 103 ኒውተን ሜትር። ረጅም ቧንቧ ቁልፉ ላይ ሰክቶ የሚቆምበትን ጎሚስታ ግን በትሕትና ያስቁሙት።

ብረት ወይስ አሉሚኒየም? ለፎገራ ብረት እላለሁ፤ አልከራከርም። ሲጣመም በመዶሻ ይቃናል። አሉሚኒየም ይሰነጠቃል።

ጎማው አዲስ ነው ሲባል ዕድሜውን ማንበብ ነው። ጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ። 2319 ከሆነ በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። መጋዘን ውስጥ ተኝቶ ያረጀ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ቁሱ ግን ደርቋል፤ በርጥብ መንገድ ላይ እንደ ጣውላ ይንሸራተታል። አዲስ ጎማ 7 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ቦይ ይዞ ይመጣል። በቦዩ ውስጥ ያለችው ጉብታ ከጥርሱ እኩል ስትሆን 1.6 ቀርቷል፤ በብዙ አገር ሕግ ከዚያ በታች አይነዳም። የውኃው ኃይል ግን ሕጉን አይጠብቅም፤ 3 ላይ ሲደርስ ለክረምት ይቀይሩት። ልጁ በክብሪቱ ያለኝም ይህን ነው።

ሁለት ጎማ ብቻ መግዣ ካለዎት ሁሉም ሰው ፊት እሰር ይልዎታል፤ ፊት ነው የሚጎትተውና። አይስሙ። ፊቱ ሲንሸራተት መኪናዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ እግር ቢያነሱ ትመለሳለች። ኋላው ሲንሸራተት ግን ትዞራለች፣ ያኔ ለማሰብ ጊዜ የለም። አዲሱ ከኋላ። ከልጁ ጋር በዚህ ብዙ ተከራከርን፤ እስከ ዛሬ አላመነኝም።

በመጨረሻ አራቱንም ቀየርኩ። እሱ ጎማውን በሁለት ብረት እያላቀቀ፣ እኔ ጃንጥላ ይዤለት፣ ካፊያው ጀመረ። የተሰነጠቀችውን የአሉሚኒየም ቸርኬ ከመኪናው ኋላ አውጥቼ «ይቺን ውሰዳት» አልኩት። አገላብጦ አያት፣ በቁልፍ አንዴ መታት። የደነዘዘ ድምፅ ወጣ።

«ትምህርት ቤቱ ደወል ይፈልግ ነበር» አለ። «ይቺ አትጮኽም ጋሼ። የብረቱ ሲጣመምብዎት ያምጡልኝ።»