ስላረጁ ውሾችና ድመቶች ጤና አጠባበቅ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። ዐሥር ዓመት ሙሉ ሌሊት እየነቃ ደጃችንን የጠበቀ ውሻ፣ እህላችንን ከአይጥ ያዳነች ድመት፣ ጉልበታቸው ሲደክም ዋጋቸው ከደጅ መጣል ነውን? እኛስ አይደለም እንላለን። ዳሩ ግን ብዙ ሰው ጨካኝ ሆኖ ሳይሆን ባለማወቅ፣ እንስሳው ሲታመም «አርጅቷል፤ ምን ይደረጋል» ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ ለቤተ ሰብ ልናስረዳ የምንፈልገው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም እርጅና ራሱ በሽታ አለመሆኑን ነው።

ትልልቅ ውሾች ከ7 ዓመት ገደማ ጀምሮ፣ ትናንሾቹ ውሾችና ድመቶች ግን ከ10 ዓመት በኋላ እንደ ሽማግሌ ይቈጠራሉ። በዚህ ዕድሜ የጠጕር መሸበትና የርምጃ መዘግየት የተለመደ ነው። ነገር ግን ውሻው ከተኛበት ሲነሣ ቢያነክስ ወይም ደረጃ መውጣትን እንቢ ቢል፣ መገጣጠሚያው ታሞ ይሆናል እንጂ ሰንፎ አይደለም። ምግቡን አሽትቶ ቢመለስ ወይም ባንድ ወገን ብቻ ቢያኝክ፣ ጥርሱ ይመርመር። ድመቲቱ ከልማዷ አብልጣ ውሃ ብትጠጣና ብትከሳ፣ ኵላሊቷ ታሞ ወይም የስኳር በሽታ ይዟት ይሆናል፤ ደኅና እየበላች ብትከሳ ደግሞ የአንገቷ ዕጢ ከመጠን በላይ እየሠራ ሊሆን ይችላል። ማኅፀኗ ያልወጣላት ውሻ ወንድ ከፈለገችበት ጊዜ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ብትደክምና ውሃ ብታበዛ፣ ማኅፀኗ መግል ቋጥሮ እንዳይሆን ሳይውል ሳያድር ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል። ከነዚህ በሽታዎች የሚበዙት ወይ ይድናሉ፣ ወይ ሥቃያቸው ይቀልላል።

በቤት የሚደረገው ጥንቃቄ ብዙ ወጪ አያስፈልገውም። መኝታው ከቀዝቃዛ ሲሚንቶ ከፍ ያለና ደረቅ ይሁን። ውሃው ከአጠገቡ አይጥፋ። ምግቡ ተመጥኖ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይሰጠው፤ ሽንኩርት ያለበት ወጥና የተቀቀለ አጥንት ግን አይሰጠው፤ ሽንኩርት ደሙን ይጐዳል፣ አጥንቱም ተሰንጥቆ አንጀቱን ይወጋል። በየወሩ ታቅፈውት ሚዛን ላይ ቢወጡ፣ ኋላም የራስዎን ክብደት ቢቀንሱ፣ መክሳቱንና መወፈሩን በጊዜው ያውቃሉ። በዓመት ሁለት ጊዜ ሐኪም ይየው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱም አርጅቷል ተብሎ አይቅር።

ከሁሉ በላይ የምናስጠነቅቀው ይህን ነው። ለሰው የተሠራ የሕመም ማስታገሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይስጡ። አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል ድመትን ሊገድል ይችላል፤ አይቡፕሮፌንም የውሻን ጨጓራና ኵላሊት ይጐዳል።

ሕመሙ የማይድን፣ ሥቃዩም የማይቀልል ሲሆን፣ ሐኪሙ ያለ ጣር እንዲያሳርፈው ማድረግ ይቻላል። መርዝ ማብላት ወይም ከመንገድ መጣል ግን ነውር ነው። የተጣለ ውሻ በእብድ ውሻ ተነክሶ ለመንደሩ ልጆች አደጋ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ልጆቻችን ያገለገለ ሁሉ ሲደክም ምን እንደሚደረግለት የሚማሩት እኛ ስናደርግ ከሚያዩት ነው።