ስለ ልደት መዝሙር ሸክላዎችና ስለ ጠፉ ድምፆች





በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራችን በልደት ዋዜማ አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ አውጥተው የልደት መዝሙር ያሰሙን ነበር። የሚሰማው የስመ ጥር ዘፋኞች ድምፅ አልነበረም። ኑሯቸው በሌላ ሥራ ሆኖ፣ ማታ ማታ እየተሰበሰቡ በፍቅር የሚዘምሩ ሰዎች ድምፅ ነበር። አንዱ ቀድሞ ሲገባ፣ ሌላው ሲያስለው ይሰማል። እኛ ስንስቅ መምህራችን፣ «የሳለው ሰው ዛሬ በሕይወት የለም፤ ሳሉ ግን ይኸው አለ» አሉን።

ከዚያ ወዲህ የእነዚህን ሸክላዎች ታሪክ ተከታትያለሁ። በቀድሞው ዘመን ሸክላ የሚቀረጸው ያለ ኤሌክትሪክ ነበር። ዘማሪዎቹ በትልቅ ጡሩምባ አፍ ፊት ተጠጋግተው ሲቆሙ፣ የድምፃቸው ኃይል ብቻ መርፌውን እያንቀሳቀሰ በሰም ላይ ይጽፋል። ስለዚህ ብዙ ሰው ያለበትን የመዘምራን ማኅበር በሚገባ መቅረጽ አይቻልም ነበር። ይህን የለወጠው ማይክሮፎን ነው። መጋቢት 22 ቀን 1917 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1925) በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ቤት ከ15 ማኅበራት የተውጣጡ 850 ወንዶች ተሰብስበው «አዴስቴ ፊዴሌስ» የተባለውን የላቲን የልደት መዝሙር ሲዘምሩ፣ በአዳራሹ የነበረው ሕዝብም አብሮ ዘመረ። ኮሎምቢያ የተባለው ኩባንያ ይህን በኤሌክትሪክ ቀርጾ የ4850 ሰዎች ድምፅ ነው ብሎ ለገበያ አቀረበው። ወሩ የዐቢይ ጾም እንጂ የልደት አልነበረም። የዚያ ሁሉ ሰው ስም በአንድ ሸክላ ላይ ሊጻፍ እንደማይችል ግልጽ ነው፤ ድምፃቸው ግን እስከ ዛሬ ይሰማል።

ወደ ራሳችን ስመለስ ግን አዝናለሁ። ባለፈው ዓመት በተማርሁበት ትምህርት ቤት የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሲጸዳ፣ የቀድሞ ተማሪዎች የልደት መዝሙር የተቀዳባቸው የቴፕ ክሮች የማያገለግል ንብረት ተብለው ተወገዱ። ሥራው በደብዳቤ ታዝዞ፣ በቃለ ጉባኤ ተፈርሞ የተፈጸመ ስለሆነ ደንብ ተላለፈ የሚባል ሰው የለም። ነገር ግን ከመወገዱ በፊት «እስቲ እንስማው» ያለም አልተገኘም። መዘምራኑን ይመሩ የነበሩት እኒያ መምህር አርፈዋል፤ ድምፃቸውም ከዚያ ክር በቀር በሌላ ስፍራ አልነበረም። እኔም ክሮቹ መኖራቸውን እያወቅሁ አንድ ቀን ሄጄ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ አባላት፣ ሸክላም ሆነ ክር ወይም ካሴት ከመጣሉ በፊት የሚያውቅ ሰው ፈልጋችሁ አስደምጡት ብዬ አሳስባለሁ። ዛሬ መዝሙር በእጅ ስልክ የሚቀዳ ሁሉ ደግሞ ቀኑን፣ ቦታውንና የዘማሪዎቹን ስም ጽፎ፣ ሁለት ቅጂ በሁለት ስፍራ ቢያኖር ወጪው ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም።

እኔም በሚመጣው የልደት ዋዜማ ተማሪዎቼ ሲዘምሩ እቀዳለሁ። የሚያስለው ልጅ ቢኖርም ከሰልፉ አላስወጣውም።

አክባሪዎ
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር